የመኪና ኤሲ ሽታ ምክንያቱ ሳይመረመር ስለተወሰደ ክፍያ የቀረበ ቅሬታ

ለጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፡- የከፈልኩት 5,600 ብር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ቶዮታ ቪትዝ መኪናዬን በሐምሌና በነሐሴ ወራት ሦስት ጊዜ ወደ ድርጅትዎ አምጥቼ፣ በሁለቱ ክፍያ ፈጽሜ፣ ያመጣሁት ችግር ግን ሳይነካ መኪናው ስለተመለሰልኝ ይህን ቅሬታ በአክብሮት አቀርባለሁ።

መጀመሪያ ስመጣ ለተቀበለኝ ባለሙያ ነገሩን በዝርዝር ነግሬዋለሁ። ጠዋት ኤሲው እንደተከፈተ ከአየር መውጫዎቹ ታጥቦ ሳይሰጣ የከረመ ልብስ የመሰለ ሽታ ይመጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይቀንስና፣ ኤሲው ጠፍቶ ነፋሱ ብቻ ሲቀር እንደገና ይበረታል። ቅዝቃዜው ምንም እንዳልጎደለ፣ ከሳቢያን ተነስቼ ከዚራ ሳልደርስ የመኪናው ውስጥ እንደሚበርድም ጨምሬ አስረድቻለሁ። የተሰጠኝ መልስ «አቦ፣ ጋዝ ነው የጎደለው» የሚል ብቻ ነበር። ወዲያው ኮፈኑ ተከፈተ፣ ጋዝ ተሞላ፣ እኔም 3,800 ብር ከፈልኩ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም የኤሲ ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዘዋወር በመሆኑ፣ ሲጎድል ቅዝቃዜው ይቀንሳል እንጂ መኪናውን የሻጋታ ሽታ እንደማያሸትተው ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጋዙ ከመሞላቱ በፊት ግፊቱ በጌጅ ሲለካ አላየሁም፤ ስንት ግራም ወጥቶ ስንት ግራም እንደገባም በደረሰኙ ላይ አልተጻፈም።

ሽታው በማግስቱ ስለተመለሰ እኔም ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ በየአየር መውጫው ሽቶ ተነፍቶ 1,800 ብር ተጠየቅሁ፤ ለሁለት ቀን ያህል የሎሚና የሻጋታ ድብልቅ ስንተነፍስ ከረምን። በሦስተኛው ምልልስ ደግሞ የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕረሰር መቀየር እንዳለበት ተነግሮኝ የ45,000 ብር ዋጋ ማቅረቢያ ተሰጠኝ። እዚህ ላይ ነው እምቢ ብዬ መኪናዬን ይዤ የወጣሁት።

ምክንያቱን ያገኘው የባለቤቴ ወንድም ነው። ከሐረር ስንመለስ፣ የደንገጎን ዳገት ወርደን ቤት ከገባን በኋላ፣ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር አየና «ኤሲ ሲሠራ የቆየ መኪና ሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ያንተ ለምን ደረቅ ሆነ?» ሲል ጠየቀኝ። በፊት ወንበር በተሳፋሪው በኩል ያለውን ምንጣፍ ስናነሳ ከታች እንደ ስፖንጅ ውሃ ቋጥሯል። እናቴ እዚያ ተቀምጣ «እግሬን አረጠበኝ» ስትለን የሃይላንድ ውሃዋ ፈሶባት ነው እያልን ስንት ጊዜ አልፈናታል።

የክሩስኮቱን መሳቢያ ፈትቶ የኤሲውን ፊልትሮ ሲስበው፣ በአቧራ ግራጫ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ በእጥፋቶቹ መካከል የድሬዳዋ ዛፍ ጥቃቅን ቅጠሎች የተሰገሰጉበት ነገር ወጣ። መኪናዬ ውሎዋ ከዚህ ዛፍ ሥር ነውና ቅጠሉ በዝናብ መጥረጊያው በኩል ሾልኮ መግባቱ አያስገርምም። ከሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ በሽቦ ሲወጋው መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ የሚከረፋ ውሃ ተንዠቀዠቀ። አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ኢቫፖሬተሩ፣ ከአየሩ የሚሰበስበው እርጥበት መውጫ አጥቶ እዚያው ተኝቶ ሻግቷል ማለት ነው። ፊልትሮው ተቀየረ፣ ኢቫፖሬተሩ በማጽጃ ታጠበ፣ ምንጣፉ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ፤ ሁሉም ተደምሮ 2,000 ብር አልሞላም። ሽታው ከዚያ ወዲህ የለም። ወደ ቤት ስቃረብ ኤሲውን አጥፍቼ ነፋሱን ብቻ በመተው ውስጡን ማድረቅ እንዳለብኝ የተማርኩትም ያን ቀን ነው፤ ምክሩን 5,600 ብር ከከፈልኩበት ቦታ አለማግኘቴ ያሳዝነኛል።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስቆጣኝ ግን ሌላ ነው። ከአየር መውጫ የሚመጣ ሽታ ሁሉ ሻጋታ አይደለም፤ ጣፋጭነት ያለው ሽታ የራዲያተር ኩላንት ወደ ውስጥ መፍሰሱን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስለው የኤሌክትሪክ ገመድ መጋሉን ሊያመለክት ይችላል፤ የጭስ ሽታ ከሆነ ደግሞ ከጭሱ ጋር ራሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ባለሙያዎ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም፣ አፍንጫውንም ወደ ውስጥ አላስገባም። ችግሩ የጭስ ቢሆን ኖሮ፣ አስም ያለባትን እናቴን ይዤ መስኮት ዘግቼ ደንገጎን የወጣሁት «ተሠርቷል» የሚለውን ቃላችሁን አምኜ ነበር።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ስለሆነም ለጋዝና ለሽቶ የከፈልኩት 5,600 ብር እንዲመለስልኝ፣ ኮምፕረሰሩ መቀየር አለበት የተባለው በምን ምርመራ እንደሆነም በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ለማቅረብ እገደዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የመኪናው ባለቤት

አባሪ፡- ሁለት የክፍያ ደረሰኞች፣ የኮምፕረሰር ዋጋ ማቅረቢያ፣ እንዲሁም በላስቲክ የታሸገው አሮጌ ፊልትሮ። ላስቲኩን ሲከፍቱት ቢሮው ውስጥ ባይሆን ይመረጣል።