ስለ ተፈጥሮ አደጋዎች በክፍል ውስጥ ስለሚደረገው ውይይት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ መምህራን ስለ ወቅታዊ የተፈጥሮ አደጋዎች ከተማሪዎች ጋር የሚነጋገሩበትን አሠራር ስለማሳወቅ

ኅዳር 14 ቀን በአፋር ክልል የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ ወዲህ የልጆቹ ወሬ ሁሉ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሆኗል። ከእናንተም ሁለት ዓይነት አስተያየት እየደረሰን ነው። ገሚሶቻችሁ «ልጆቹን አታስፈራሩብን» ትላላችሁ፤ ገሚሶቻችሁ ደግሞ «ለምን ቁጭ አድርጋችሁ አታስረዷቸውም?» ትላላችሁ። የትምህርት ቤቱ አቋም መምህራን ይናገሩ የሚል ነው፤ ግን በልክና በዕድሜ።

ዝም ብንል ልጁ ሳይሰማ አይቀርም። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ከአዋሽ ፈንታሌና ከዶፋን አካባቢ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ብዙ ልጆች አልጋቸው ሲወዛወዝ ነቅተዋል። በማግስቱ ማብራሪያ ያገኙት ከስልክ ነው፦ «ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ይደገማል» የሚል የድምፅ መልእክትና ከሌላ አገር የመጣ የፈረሰ ሕንፃ ቪዲዮ። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ባለሙያ በዓለም ላይ የለም። ይህን አንድ ነገር በእርግጠኝነት ያወቀ ልጅ ከአሉባልታው ግማሽ ያህሉን በራሱ ይጥለዋል።

ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል መምህሯ ርዕሱን ራሷ አታነሳም፤ ልጅ ከጠየቀ ግን በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ትመልሳለች። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ውይይቱ ከ15 ደቂቃ አያልፍም፤ ካርታ ይዘረጋል፣ አደጋው የደረሰበት ቦታ ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ልጆቹ በማስመሪያ ይለካሉ። 7ኛና 8ኛ ክፍሎች ሙሉ ክፍለ ጊዜ አላቸው። በየትኛውም ክፍል መምህሩ መጀመሪያ «ምን ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተሳሳተውን ሳያውቅ ማስረዳት ቢጀምር ልጁ አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቦ ይሄዳል። ውይይቱ ጠዋት ይደረጋል። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ በተለይም ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይነሳም፤ በልቡ ጥያቄ የቀረ ልጅ ሁለት ቀን የሚጠይቀው መምህር ያጣልና። የሬሳና የቆሰለ ሰው ምስል ፈጽሞ አይታይም።

ትልልቆቹ ምክንያቱን ይማራሉ። በስምጥ ሸለቆ መሬቱ በዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተራራቀ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ቅልጥ ዓለት ከሥር ሰርጎ ሲገባ ዓለቱን እየሰነጠቀ ተከታታይ ንዝረት ያስነሳል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቶ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል የሚለካበት ቁጥር ነው፤ 6 ከ5 «በጥቂቱ» የሚበልጥ ይመስላቸዋል። በአንድ ቁጥር ልዩነት የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሚሰማን ንዝረት ግን ከቦታው በራቅን መጠን ይደክማል፤ ብዙዎቹን ልጆች የሚያረጋጋቸውም ይኸው ነው።

ለ7ኛና 8ኛ ክፍል የጎፋውንም የመሬት ናዳ እናነሳለን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን ቀበረ፤ ጎረቤት ሊያወጣቸው ሲሯሯጥ ሁለተኛው ናዳ እሱንም ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ይህን የምናነሳው በኀዘን ነው፤ ለልጆቹም ጥቅም አለው። በዝናብ የራሰ ገደል አንዴ ከተናደ እንደገና ሊናድ ይችላል፤ ተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ዛፍና አጥር ሲያዘነብል፣ የምንጭ ውሃ ድንገት ሲደፈርስ ሰው ከሥፍራው መራቅ አለበት። ክረምቱን ገጠር ዘመድ ጋር የሚያሳልፉ ልጆች አሉንና ይህን ማወቅ አለባቸው።

መምህራን «እኛ ዘንድ ምንም አይደርስም» ብለው ቃል እንዳይገቡ ነግረናቸዋል። በማግስቱ ንዝረት ቢሰማ ልጁ ሁለተኛ አያምናቸውም። «ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን» ይላሉ። አደጋውን የሰዎቹ ኃጢአት ቅጣት አድርጎ ማቅረብም ክልክል ነው፤ እዚያ ዘመድ ያለው ልጅ አጠገባቸው ሊኖር ይችላል። የእምነት ጥያቄ ከተነሳ ወደ እናንተ ይመራል።

ልምምድ በየወሩ አንድ ጊዜ ይደረጋል። ምልክት ሲሰጥ ልጁ ዴስኩ ሥር ይንበረከካል፣ በአንድ እጁ ማጅራቱን ይሸፍናል፣ በሌላው የዴስኩን እግር ይይዛል። መያዙን ልጆች ይዘነጉታል፤ ዴስኩ ሲንሸራተት ግን ጭንቅላታቸው ይጋለጣል። ንዝረቱ ሳይቆም ማንም ወደ ደረጃ አይሮጥም፤ መተፋፈግና መውደቅ ያለው እዚያ ነው። ሲቆም በሰልፍ ወደ ሜዳ ወጥተው ስም ጠሪ መምህሩ በስም ዝርዝሩ ይቆጥራቸዋል።

በቤት ቁም ሳጥኑንና ብፌውን ከግድግዳ ጋር በብሎን እሰሩ፤ ከልጅ አልጋ በላይ ከባድ ነገር አትስቀሉ። የቡታጋዝ ሲሊንደሩን መዝጋት ልጆቹ ሳይሆኑ አዋቂ ይሥራው። ንዝረት ሲሰማ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ፣ እንደ ክፍሉ ልምምድ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ሊፍት አትጠቀሙ። ከባድ ጣሪያ ባለው ባለ አንድ ወለል የጭቃ ወይም የድንጋይ ቤት በር አጠገብ ያለ ሰው ግን ፈጥኖ ወደ ሜዳ ቢወጣ ይሻለዋል። ትንንሾች ባሉበት ዜናው እየተደጋገመ ሲታይ ቴሌቪዥኑን ዝጉት፤ ያው ምስል በታየ ቁጥር አዲስ አደጋ የደረሰ ይመስላቸዋል። ልጃችሁ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ፣ ሆዴን አመመኝ ካበዛ ወይም ብቻውን መተኛት እንቢ ካለ ለጥቂት ቀናት ያጋጥማል፤ ከአንድ ወር ካለፈ ግን ሐኪም ይየው።

ንዝረት ቢያጋጥም ስልክ ሊጨናነቅ ስለሚችል አጭር የጽሑፍ መልእክት እንልካለን። ልጅ የሚወጣው በዋናው በር፣ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ስሙ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙን እስከ ዓርብ አስመዝግቡ። በአፋር፣ በጎፋ ወይም አደጋ በደረሰበት ሌላ ቦታ ቤተሰብ ያላችሁ፣ መምህሩ አስቀድሞ እንዲያውቅ በዚያው ደብተር ላይ ጻፉልን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር