መብረቅ ሸሽተን ፎርፌ ተወሰነብን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለክፍለ ከተማችን የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገብቼ ነበር። ቢሮዎም መጥቻለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ከዚያ «መስክ ወጥተዋል»። ከዚያ ደግሞ «ይሄ የውድድር ኮሚቴው ጉዳይ ነው»። ኮሚቴው ጋ ስሄድ መልሰው ወደ እርስዎ ላኩኝ። እንግዲህ ሁላችሁም አንድ ላይ እንድታነቡት እዚህ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል። ለማያውቅ ልናገር። የልጆች እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነኝ። ጊዜው ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ውድድሩ ከ15 ዓመት በታች፣ ጨዋታው ከሰዓት 9 ሰዓት። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት 9 ሰዓት ላይ ምን እንደሚወርድ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ጠዋት ይሁንልን ብለን ነበር። ጠዋት ሜዳው ለሠራተኞች ውድድር ተይዟል ተባልን። ትልልቆቹ እንዳይበሰብሱ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። በረኛችን የብረቱን ቋሚ ተጠግቶ ጭንቅላቱን በጓንቱ ሸፍኖ ቆሟል። ብልጭ ይላል፣ ቆየት ብሎ ያጓራል። ከዚያ መቆየቱም ቀረ፣ ብልጭታውና ጩኸቱ አንድ ላይ ይመጡ ጀመር። ዳኛውን «ኧረ አቁመው!» አልኩት። ዳኛው የጨዋታውን ኮሚሽነር አየ። ኮሚሽነሩ ጃንጥላ ሥር ሆኖ ሰዓቱን በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ «ይቀጥል» አለ፣ ምክንያቱም ከእኛ ቀጥሎ ሌላ ጨዋታ ስላለ ፕሮግራም ይፋለስበታል። ትንሽ ሳይቆይ ከሜዳው ማዶ ባሉት ባሕር ዛፎች በኩል አንድ መብረቅ ሲወርድ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ልጆቼን ጠርቼ አስወጣኋቸው። የተጋጣሚያችን ልጆችም ተከትለውን ሮጡ። ሁለቱ ቡድን አጠገባችን ያለው ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ተኮራምቶ አብሮ ተጠለለ።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። እኛ «ያለ ዳኛው ፈቃድ ሜዳ ጥሎ በመውጣት» 3 ለ 0 በፎርፌ ተሸናፊ። እኔ ታገድኩ። አብረውን የሮጡት ልጆች ሦስት ነጥብ አገኙ። ልዩነታችን ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ «እናንተ ቀድማችሁ ወጣችሁ» ተባልኩ። ይግባኝ ለማለት ደግሞ ማስያዣ ብር አምጡ።

የጨዋታ ሕግ 5 ለዳኛው ጨዋታ የማቆም፣ የማቋረጥ፣ ጭራሽ የመሰረዝ ሥልጣን እንደሚሰጠው ለእርስዎ አልነግርዎትም። ሥልጠናውን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ጥቅምት 2017 ላይ ፔሩ ውስጥ የሆነውንም ቪዲዮውን ሁላችንም አይተነዋል። እዚያ እኮ ዳኛው በዝናቡ ምክንያት ጨዋታውን አቋርጦ ነበር፣ ተጫዋቾቹ እየወጡ ሳለ ነው መብረቁ አንዱን የገደለው። እኛ ጋ ቆሞ የማየት ፕሮግራም ነበር የተያዘው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የፍጻሜው ቀንም ዘነበ። መብረቅ የለም፣ በረዶ የለም፣ ካፊያ ብቻ። ግን የክብር እንግዶቹ ድንኳን ላይ ውኃ አቆረ፣ ወንበሩም ራሰ። ጨዋታው «በአየር ሁኔታ ምክንያት» ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ ማስታወቂያውም በማኅተም ተለጠፈ። ለካ ይቻላል! ለካ ዝናብ ጨዋታ ያራዝማል! የሚራዘመው ግን ማን ሲረጥብ እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ደግሞስ መጀመሪያውኑ የልጆች ውድድር ሰኔ ላይ ምን ይሠራል? መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሜዳው ደርቆ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ «ገንዘቡ አልተለቀቀም» ትሉናላችሁ። ጥር «ዕቅድ እየተከለሰ ነው»። ግንቦት ላይ ድንገት ሁሉም ሰው ይሯሯጣል፣ ብሩ ሳይመለስ መበላት አለበትና። ስለዚህ ልጆቹ ሚኒስትሪ በሚፈተኑበት ወር፣ ዋልካ ጭቃ ላይ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጋጠማሉ። ሪፖርቱ ላይ «ውድድሩ በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» ተብሎ ይጻፋል።

ጭቃውን ከድንኳን ሆኖ ማየት ይለያል። የእኔ ልጆች ታኬታቸው ከሰልባጅ የተገዛ ነው፣ ግማሹ ሶሉ በማስቲሽ የተያዘ። ጭቃው ሲይዘው ሶሉ ይቀራል፣ እግሩ ይወጣል። ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዶቹ ታኬታቸውን ፌስታል ውስጥ ጠቅልለው ዳር ያስቀምጡና በባዶ እግራቸው ይገባሉ። ማሊያችን ቅያሪ የለውም። እሁድ ታጥቦ ለረቡዕ አይደርቅም። የአንዱ ልጅ እናት ከሰል ምድጃ ላይ እያገላበጡ ያደርቁልናል፣ ስንለብሰው ጭስ ጭስ ይሸታል። እኚህን እናት «የዓመቱ ምርጥ የውድድር አስተባባሪ» ብላችሁ ብትሸልሟቸው አልቃወምም።

ክረምት ላይ ሊግ ይቁም ስንል እንግዳ ነገር የጠየቅን አስመሰላችሁት። የጀርመን ቡንደስሊጋ ለገና ይዘጋል፣ ጥር ውስጥ ይመለሳል፣ ማንም አልሞተም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመሩትን አጭር ዕረፍት ከ2024/25 ጀምሮ ትተውታል ትሉኝ ይሆናል። ትተውታል። የእነሱ ሜዳ ከሥሩ ማሞቂያና ማፋሰሻ አለው፣ የእኛ ሜዳ ከሥሩ ሌላ ጭቃ ነው ያለው።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የካሜሩኑን አፍሪካ ዋንጫ ከሰኔና ሐምሌ ወደ ጥር ያዞረው በአየር ጠባዩ ምክንያት ነው። የኮትዲቯሩንም እንዲሁ ዝናብ ፈርቶ። ዋልያዎቹ ራሳቸው ካሜሩን ላይ የተጫወቱት በጥር 2014 ነው። እኛም ስናዘጋጅ እንደዚያው ነበር። ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ የበላነው ጥር 1954፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በበጋ። የ1960ው ጥር ነበር። የ1968ቱ የካቲት መጨረሻ ተጀምሮ መጋቢት ገባ። ለአዋቂ ብሔራዊ ቡድኖች በጋ ተመረጠ፣ የ14 ዓመት ልጅ ግን ሰኔን ይቻለው?

«ክረምት ላይ ትምህርት ስለሌለ ልጆቹ ሥራ እንዳይፈቱ ነው» የምትለዋን መልስ ሰምቻታለሁ። እውነት አላት፣ አልክድም። ሐምሌና ነሐሴ እኔም ልጆቹን ሰብስቤ አሠለጥናለሁ። ዝናብ ሲመጣ እንጠለላለን፣ ሲያባራ እንቀጥላለን፣ ቀኑ ከከፋ ወደ ቤት እንሄዳለን። ማንም ፎርፌ አይሰጠንም። እኔ ያልኩት ነጥብ የሚያዝበት፣ ቅጣት ያለበት፣ «ይቀጥል» የሚባልበት ውድድር ከጥቅምት እስከ ግንቦት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይጠናቀቅ ነው። ይህን ለማድረግ አዲስ ስታዲየም አያስፈልግም። ገንዘቡን በሰዓቱ መልቀቅ ይበቃል፣ እሱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁበታል።

ፎርፌው ይሰረዝ፣ ጨዋታው ካቆመበት ወይም ከመጀመሪያው ይደገም። በረንዳው ላይ አብረውን የተጠለሉት ልጆች አሰልጣኝም በዚህ ይስማማል፣ ጠይቁት። የእኔ እገዳ ቢቆይም ግድ የለኝም። ማስያዣውን ግን አልከፍልም። ያ ብር ካለኝ ለበረኛው ጓንት እገዛበታለሁ፣ የድሮው ጓንቱ በረዶ ሲመክት ተቀዷል።

ከሰላምታ ጋር
ከታገደው አሰልጣኝ

ግልባጭ፦
ለውድድር ኮሚቴው
ለመዝገብ ቤት (የመጀመሪያውን ደብዳቤ «አልደረሰንም» ስላላችሁ)