ከጦሳ ተራራ ሥር ወፍ ስንቆጥር
የተፈጥሮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን ዘገባ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነበር። ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል ጸደቀ። (የጸደቀውን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን።) ዘንድሮ ግን ወፍ ስንቆጥር ከረምን።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። ስለ ተጓዥ ወፎች እያስተማርኩ ምሳሌ ስጡኝ ብል፣ ክፍሉ በሙሉ «የመስቀል ወፍ!» አለ። እውነት ለመናገር እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበር የማስበው። በዓመት አንዴ ብቅ የምትል ወፍ ከሩቅ አገር ካልመጣች ከየት ትመጣለች? ልጆቹ ከግቢው ጀርባ ያሳዩኝ ባለረጅም ጅራት ጥቁርና ነጭ ወፍ ግን የትም አትሄድም። በክረምት እንዲህ የሚያጌጠው ወንዱ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ጅራቱ ይረግፋል፣ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጦች ጋር ይመሳሰላል። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው፣ ለይተን የማናውቀው እኛ ነን።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «እሺ ቲቸር፣ መንገደኞቹስ የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ። መልሱን ያገኘነው ኳስ ሜዳው ላይ ነው። ከሚግጡት ላሞች እግር ሥር ጅራቷን ላይ ታች እያወዛወዘች የምትሮጥ ደረተ ቢጫ ወፍ አለች። ላሟ አንድ እርምጃ ስትሄድ ከሣሩ ነፍሳት ይነሳሉ፣ ወፏ ትለቅማለች። ክብደቷ 20 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። የምትራባው አውሮፓና እስያ ነው፤ እኛ ጋ የምትመጣው በረሃ አቋርጣ ነው።

ይህን በኩራት ለጥበቃው ባልደረባችን ባስረዳቸው ሳቁብኝ። «መምህር፣ እነዚህማ መስቀል ሲደርስ ይመጣሉ፣ ፋሲካ ካለፈ አይታዩም» አሉኝ። ለካ ሲከታተሏቸው ኖረዋል! ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበቡ አማካሪ እሳቸው ሆኑ።

ጥቅምት ላይ በአንድ ቅዳሜ ወደ ጦሳ ወጣን። የመጀመሪያው ሰዓት ኪሳራ ነበር። ልጆቹ «ንስር! ንስር!» እያሉ አንድ ገጽ ሞሉ፤ በኋላ ስናጣራው በየቀኑ ከከተማው በላይ የሚዞሩት አሞራዎች ናቸው። ገጹን ሰረዝን። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ መሬቱ ሲሞቅ ግን እውነተኞቹ መጡ። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ሞቃቱ አየር እያነሳቸው፣ እየዞሩ ወደ ላይ ወጡ። አንዱ ከእኛ በታች ድንጋይ ላይ አረፈ። ቢጫው የአፉ መስመር እስከ ዓይኑ ጀርባ ድረስ ይደርሳል፣ ፈገግ ያለ ይመስላል። በዚህ ነው የስቴፕ ንስር መሆኑን የለየነው። አገሩ ሩሲያ፣ ካዛኪስታንና ሞንጎሊያ ነው።

«ለምን በቀጥታ ቀይ ባሕርን አያቋርጡም?» ተብዬ ነበር። እንዲህ የሚያነሳ ሞቃት አየር ባሕር ላይ አይገኝም። ስለዚህ ብዙዎቹ በየመንና በጅቡቲ መካከል ባሕሩ ወደሚጠብበት ባብኤልመንደብ ይሰበሰባሉ። እዚያ በ1987 እ.ኤ.አ. በጥቢ ወራት ብቻ ንስሮችን ጨምሮ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራዎች ተቆጥረዋል። ይህን ስነግራቸው የእኛ የተሰረዘ ገጽ ትዝ ብሎን ተሳሳቅን።

ሐይቅም ሄደናል። መኪናው ዘግይቶ ስለመጣ የደረስነው ፀሐዩ ከከረረ በኋላ ነው፤ ምንቃሩ ማንኪያ የመሰለውን ዳክዬ አይተን ተመለስን። ስለ ጉዞው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ዳቦው ግን ጥሩ ነበር።

ፋሲካ አልፎ ጥቂት ቀናት እንደቆየን አማካሪያችን ክፍል ድረስ መጥተው «እንግዶችዎ ሄደዋል» አሉኝ። ልጆቹ ሜዳውን ዞረው አረጋገጡና ቀኑን መዝገቡ ላይ ጻፉ።

ያለን ባይኖኩላር አንድ ነው፣ እሱም የሚያሳየው በግራ ዓይኑ ብቻ ነው። ቤቱ ያስቀመጠው ያለው ወላጅ ቢያውሰን ደስ ይለናል፤ ከመስቀል በፊት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።