ማመልከቻዬን ከመላኬ በፊት

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የእትዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ ክብር ምስጋና ለፈጣሪ ይግባውና ደህና ነኝ። ዝም የተባባልነው ተቀያይመን እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ኑሮ ነው። በበዓል በበዓል በቴሌግራም የምንላላከውን የአበባ ሥዕል ከደብዳቤ አልቆጥረውም። ዛሬ የጻፍኩልሽ ጉዳይ ኖሮኝ ነው።

ሥራ ላመለክት ነው። የአንድ ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት። ለመጨረሻ ጊዜ ስንጻጻፍ ዲሲ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አደራጅ ሆኛለሁ። ድርጅቱ ደመወዛቸው ዝቅ ያሉ ሠራተኞችን ያሰባስባል፤ የሆቴል ጽዳት፣ ፓርኪንግ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያን የሚጦሩ። ዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር ማለት ነው፣ ማቋቋም ለሚችሉት «ማኅበር እንፈልጋለን» የሚል ካርድ ያስፈርማል፣ ሕጉ ለማይፈቅድላቸው ሌላ መላ ይፈልጋል፣ ከዚሁ ጋር ለጥቁሮች መብት ይሟገታል። የነበሩት ኃላፊ ሊለቁ ነው። ሥራው ከውጭ ሲታይ ሰልፍና ድምፅ ማጉያ ይመስላል እንጂ ግማሹ ገንዘብ ልመና ነው፤ ለለጋሾች ሪፖርት መጻፍ፣ ቦርድ ማሳመን፣ የሠራተኛ ደመወዝ ለወሩ መድረሱን ማረጋገጥ። በዲሲ ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ቀጣሪ ደመወዙን ከማስታወቂያው ላይ የማውጣት ግዴታ ስላለበት ቁጥሩን አይቼዋለሁ። ላንቺ አልነግርሽም፤ ለእናቴ ታደርሻለሽ።

የሠራተኛውንና የጥቁሩን ጉዳይ ምን አገናኘው ትይኝ ይሆናል። እኔም ስመጣ እንደዚያ ነበር የማስበው። በፈረንጆቹ 1935 የአሜሪካ ምክር ቤት ሠራተኛ ማኅበር የመመሥረት መብት የሰጠውን ትልቁን ሕግ ሲያወጣ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አደረጋቸው። በ1938 የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሲወጣም እንደዚያው። በዚያ ዘመን በደቡብ ግዛቶች ማሳ ላይና ሰው ቤት ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ማን እንደነበር አስቢው። ሕጉ ውስጥ «ጥቁር» የሚል ቃል አታገኚም፤ አላስፈለጋቸውም። አረጋውያን ከሚጦሩት ሴቶች ብዙዎቹ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ የደረሳቸው በ2015 ነው። ትናንት ማለት ነው! (ደግሞ አትፍረጂባቸው፤ የኛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሰው ቤት የምትሠራውን ልጅ አያቅፋትም። አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ።)

የአሜሪካዋን ከተማ የሜምፊስን ነገርም ላንሳልሽ። በ1968 ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የሚባሉ ሁለት የቆሻሻ ሠራተኞች ዝናብ ለመጠለል መኪናቸው ኋላ ገብተው እንዳሉ መጨፍለቂያው ተነሥቶ ገደላቸው። ወደ 1300 የሚሆኑ ባልደረቦቻቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁሮች፣ ሥራ አቆሙና «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ አንግበው አደባባይ ወጡ። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው እነሱን ሊደግፍ ሄዶ ነው። ከሞተ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከተማው ለማኅበራቸው እውቅና ሰጠ። ኪንግን የማያውቅ አበሻ የለም፤ የቆሻሻ ሠራተኞችን ደግፎ እንደሞተ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

የኛ ሰው ስለ ደመወዝ ስናወራ ጆሮውን ይሰጣል፤ ስለ ጥቁርነት ስናነሣ ስልኩን ያወጣል። «እኛ ቅኝ አልተገዛን፣ ባሪያ ሆነንም አልመጣን፣ ምን አገባን» ይላል። ማታ መኪናውን ፖሊስ ሲያስቆመው ግን ዓድዋን ጠቅሶ አያመልጥም። ይህን ለነሱ ስናገር «አንቺ ደግሞ ፖለቲካ አበዛሽ» ይሉኛል።

አለቆች ይህን ክፍተት ከኛ በላይ ያውቁታል። ሆቴሉ ውስጥ የነበረ ሱፐርቫይዘር ጥሩውን ሹፍት ለኛ እየሰጠ «እናንተ ታታሪዎች ናችሁ» ይለን ነበር፤ ደስ ይለን ነበር። የሚናገረው ግን አጠገባችን ያሉት ጥቁር አሜሪካውያን እንዲሰሙት ነው። ካርድ ማስፈረም ሲጀመር እነሱ «አበሾቹ የአለቃ ሰዎች ናቸው፣ አይፈርሙም» አሉ፤ የኛዎቹ «ከነሱ ጋር ገብተን ለምን እንጀራችንን እናጣለን» አሉ። ነገሩን የፈታችው ሸምገል ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባችን ነች። ምሳ ሰዓት ላይ የራሷን የደመወዝ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና የኔን አምጪ አለችኝ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፤ በሰዓት አንድ ሳንቲም አልበለጥኳትም። ያ ሁሉ ሙገሳ ወረቀቱ ላይ የለም። ስለ ደመወዝ እርስ በርስ መነጋገር በሕግ መብታችን እንደሆነም የነገረችኝ እሷ ናት። በማግስቱ ሌሎቹም ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ማኅበር ይኑረን አይኑረን ብሎ ሠራተኛው ድምፅ የሚሰጥበትን ምርጫ ለመጠየቅ ሕጉ የሚለው 30 በመቶ ፊርማ ቢሆንም እሷ ከስልሳ በላይ ካልያዝን አንነቃነቅም ብላ ያዘችን፤ ካርዱ ገባ ማለት ማስፈራራቱ ይጀምራል፣ የፈረመውም ይሸሻል። ልክ ነበረች።

እንግዲህ የጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። ኢንተርቪው ላይ የሚመጣውን ጥያቄ ካሁኑ አውቀዋለሁ፦ ይህን ድርጅት መምራት ያለበት ጥቁር አሜሪካዊ አይደለም ወይ? እነሱ ባይጠይቁኝ እኔው እጠይቀው ነበር። ጥቁሮቹ የባቡር አልጋ ክፍል አስተናጋጆች በ1925 ማኅበር አቋቁመው ከቀጣሪያቸው ከፑልማን ኩባንያ ጋር ውል የተፈራረሙት በ1937 ነው፤ 12 ዓመት ሲባረሩ፣ ሲሰለሉ፣ ሲራቡ ቆይተው። መሪያቸው ፊሊፕ ራንዶልፍ ለጥቁሮች መብትና ለሥራ በተደረገው በ1963ቱ የዋሽንግተን ሰልፍ ፊት ከነበሩት አንዱ ነው። ያን ሁሉ እነሱ ዘርተው እኔ ትናንት መጥቼ ልጨድ? በሌላ በኩል ደግሞ አበሻው የሚያምነው፣ ጥቁር አሜሪካውያኑም አብራን ታግላለች የሚሉት ሰው ካልተገኘ ሁለቱ ጎራ እንደተፋጠጠ ይቀራል።

ስለዚህ በማመልከቻዬ ወንበሩን ለሁለት እንድንይዘው ላቀርብ አስቤያለሁ፤ ቢሮ አብራኝ ከምትሠራ ጥቁር አሜሪካዊት ጋር። እሷም ተስማምታለች። በሁለት ሰው የሚመሩ ድርጅቶች እዚህ አሉ፤ ያልተሰማ ነገር አይደለም። ባለቤቴ ግን «ይሄ ትሕትና ሳይሆን ፍርሃት ነው፣ ወንድ ቢሆን ብቻውን ነበር የሚጠይቀው» አለኝ። ተናደድኩበት፤ ሳስበው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ለማለት ከበደኝ። የ1963ቱን ሰልፍ ባዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት አና አርኖልድ ሄጅማን ነበረች፤ በዕለቱ ግን ከዋናዎቹ ንግግሮች አንዱም ለሴት አልተሰጠም። ዛሬም የኛ ስብሰባ ላይ አዳራሹን የሚሞሉት ሴቶች ናቸው፣ ማይኩን የሚይዘው ወንድ ነው። ታዲያ ማይኩ አንዴ ወደኔ ሲመጣ ግማሹን መስጠቴ ምን ይባላል? እኔ አሁንም መካፈሉ ይሻላል ባይ ነኝ። የደመወዝ ወረቀቷን የዘረጋችውን ሴትዮ ሳስብ ይበልጥ እጸናለሁ፤ ማታ ባለቤቴ ሲያወራ ደግሞ እላላለሁ።

አንቺ የፋብሪካውን መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር በሊቀመንበርነት መርተሻል። ከአንቺ በፊት ብዙ ዘመን የታገሉ ሰዎች እያሉ ስትመረጪ ምን አልሻቸው? የኅብረት ስምምነቱን ከአሠሪው ጋር ስትደራደሪስ ብቻሽን ነበር የምትገቢው ወይስ ከነሱ አንዱን ይዘሽ? በወሬ በወሬ የሰማሁት አለ፤ ከራስሽ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። እንዳትለሳለሺልኝ። እዚህ ያሉ ወዳጆቼ ሁሉ «ትችያለሽ» ነው የሚሉኝ፤ እሱ ምክር አይሆነኝም።

ማመልከቻውን በኢሜይል ልኬልሻለሁ። ሁለተኛውን ገጽ በደንብ እዪልኝ፤ ስለራሴ ብዙ ያወራሁ መስሎኛል፣ እዚህ አገር ግን ካላወራሽ እንደሌለሽ ነው የሚቆጠረው። ጊዜው የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ነው። በጽሑፍ አትመልሺልኝ፤ አንቺ አሳምረሽ ጽፈሽ እስክትጨርሺ ቦታው በሰው ይያዛል። በድምፅ ቅጂ ላኪልኝ፣ ቢረዝምም ግድ የለም፣ አውቶቡስ ላይ እሰማዋለሁ።

ናፋቂሽ