ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡልን

ለጅማ ከተማ ምክር ቤት
ጅማ

ጉዳዩ፦ የማኅበራዊ ድጋፍ ውሎች ከመፈረማቸው በፊት ሕዝብ ባለበት እንዲነበቡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን። ሱቄ ጠባብ ናት፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ። ዝናብ ሲመጣ (ጅማ ላይ መቼ አይመጣም?) አግዳሚው ላይ አምስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ ግማሹ ጉዳይ የለውም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጀምሬ «ከሰላምታ ጋር» ብዬ ስጨርስ ዓመታት አለፉ። ዛሬ የምጽፈው ግን የራሴን ነው። ሒሳብ የሚከፍለኝም የለም።

አንድ ቀን አንድ ሰው ፍላሽ ይዞ መጣ። የእርዳታ መረከቢያ ቅጽ ነበር። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የተረከቡት ዕቃ ዓይነት፣ ብዛት፣ ፊርማ ወይም አሻራ። ስሞቹ ተሞልተዋል። ዓይነትና ብዛት የሚሉት ሁለቱ ዓምዶች ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ናቸው። «ይሄንን ልሙላልህ?» አልኩት። «ተዪው፣ በኋላ ይሞላል» አለኝ። ሦስት ሦስት ኮፒ አትሜ ሰጠሁት። ከፈለኝ፣ ሄደ።

በማግስቱ ጎረቤቴ እማማ በሱቄ በኩል ሲያልፉ አውራ ጣታቸው ሐምራዊ ሆኗል። «ምን ነክተው ነው?» አልኳቸው። «ብርድ ልብስ ሰጡን፣ እግዜር ይስጣቸው» ብለው ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አሳዩኝ። ተቀብዬ ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋሁት። ማዶ የቆመው ባጃጅ በብርድ ልብሱ ውስጥ ታየኝ። ታርጋውን ማንበብ ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ሌላስ?» አልኳቸው።

«ሌላማ ምን አለ?»

ቅጹ ላይ ስንት ዕቃ እንደተጻፈባቸው እሳቸው አያውቁም። እኔም አላውቅም። አንድ ብርድ ልብስ ተብሎ በሐቅ ተሞልቶ ይሆናል። ሰውየውም ቸኩሎ ብቻ ይሆናል። የድርጅቱን ስም የማልጠራውም ለዚህ ነው፤ ሌባ ላስይዝ አይደለም የምጽፈው። የከነከነኝ ሌላ ነው። ማወቂያ መንገድ የለንም።

ነገ ኦዲተር ቢመጣ ምን ያገኛል? ቅጽ አለ፤ አሻራ አለ፤ ደረሰኝ አለ። ሁሉም ይገጥማል። ወረቀቱን ያተምኩት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፣ ቆንጆ ወረቀት ነው። ኦዲት አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ግን ኦዲት የሚመጣው ብሩ ከወጣ በኋላ ነው። የብርድ ልብሱ ክብደት ስንት ይሁን? አቅራቢው ማን ነው? ናሙናውን ማን ዳሰሰው? ይህ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ውሉ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። ያኔ ደግሞ እማማ እዚያ የሉም።

የእድራችንን ነገር ልንገራችሁ። ከተወሰነ ጊዜ በፊት ለለቅሶ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ልንገዛ ሆነ። ገዢ ኮሚቴው ከመርካቶ የሦስት ሱቅ ዋጋ አምጥቶ ስብሰባ ላይ አነበበ። በጣም ርካሹ ሊያልፍ ሲል አንድ አባል፣ ወፍራም ሰው ናቸው፣ «ናሙናውን አምጡት» አሉ። መጣ። ተቀመጡበት። እግሩ እንደ ጎመን ታጠፈ። ሳቁ ለሳምንት አላለቀም፤ ወንበሩ ግን ተመለሰ፣ ሌላው ተገዛ፣ እስካሁንም እንቀመጥበታለን። እድራችን ውስጥ ኦዲተር የተማረ ሰው የለም። ሥራውን የሠራው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ራሱ ሲገዛ መኖሩ ነው።

ሰሞኑን ሌሎች ከተሞች ይህን እንዴት ያደርጉታል ብዬ ሳነብ የአሜሪካዋን ሳን ፍራንሲስኮ አገኘሁ። እዚያ የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን የሚባል አለ። አባላቱ 5 ብቻ ናቸው። ከንቲባው ይሾማቸዋል፣ የሥራ ዘመናቸው 4 ዓመት ነው። ለችግረኛ ድጋፍ የሚሰጠውን የከተማዋን መሥሪያ ቤት የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ አንድን በጎ አድራጎት ድርጅት «ይህን አገልግሎት በዚህ ብር ሥራልኝ» ብሎ ሊዋዋል ሲል ውሉ እነሱ ፊት ቀርቦ በግልጽ ስብሰባ ይታያል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣ የካሊፎርኒያ የስብሰባ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አጀንዳ ላይ ያልተጻፈ ነገር በስብሰባ መሀል ብድግ ብሎ አይወሰንም። ከመንገድ የገባ ሰውም ተራውን ጠብቆ ይናገራል።

እንዳለ እንቅዳው አልልም። ከንቲባ የሾመው ሰው የከንቲባውን መሥሪያ ቤት ምን ያህል ፊት ለፊት ይጠይቃል? እኔ እንጃ። ገንዘባችንም ከነሱ ጋር አይወዳደርም። የወደድኩት አንድ ነገር ነው፦ ሰዓቱ። ሰው የሚሰማው ከፊርማው በፊት ነው።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የከተማ ሴፍቲኔትን እዩት። በ11 ከተሞች ተጀምሮ ነው በኋላ ወደ 83 ከተሞች የሰፋው። መሥራት የሚችለው ጠዋት መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ያጸዳል፣ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ሲመለመል ታዲያ ስም ዝርዝሩ ይለጠፋል፤ «ይህ ሰው ቤት ያከራያል»፣ «ያቺ ተረስታለች» የሚል ቅሬታውን ያቀርባል። ዝርዝር በተለጠፈ ሳምንት የኔ ገበያ ይደራል። አግዳሚው ይሞላል፣ ሁሉም ቅሬታ አስጻፊ ነው። አንዳንዱ ቅሬታ የጎረቤት ቂም ነው፣ ስጽፈው ይታወቀኛል። ግን አንዳንዷ ሴት እውነትም ተረስታ ነበርና ትገባለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። የድሃው ስም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ድሃ መሆኑን ሰፈር ሁሉ ያነባል። ለድሃው ዕቃ የሚያቀርበው ነጋዴ ስም፣ የውሉ ብር፣ የዕቃው ዓይነት ግን ተለጥፎ እኔ አይቼ አላውቅም። ጨረታ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ እሱን አያለሁ፤ ሰነዱንም ለተጫራቾች ኮፒ አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ ማን አሸነፈ፣ በስንት፣ ናሙናው የት ተቀመጠ የሚለው ሰፈር አይደርስም። ማፈር ካለብን የሚያሳፍረው የትኛው ወረቀት ነው?

ሕጉ በበኩሉ አይከለክላችሁም፤ እንዲያውም ይገፋችኋል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 ለማመልከቻ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አልቆጥረውም፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት መርጃ የሚሆን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። ሲቪክ ማኅበራትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ አንድ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ደንበኞቼ ግን ይህን አያውቁም። «ያኛው ድርጅት ስንቱን ለመኪናና ለቢሮ፣ ስንቱን ለእኛ አዋለው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ እንደሆነ የነገርኩት አንድ አባት «እና ማንን ነው የምጠይቀው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነቴን ነው፣ ማን የሚባል ወንበር የለም።

ያንን ወንበር ነው የምለምናችሁ። በምክር ቤታችሁ ሥር አንድ ትንሽ ኮሚሽን አቋቁሙ። ስሙን እንደፈለጋችሁት በሉት። አምስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ሠርግ ይሆናል። ከእናንተ አንድ ሁለት ሰው ይኑር። ከእድሮች ይኑር፣ ከአካል ጉዳተኞች ይኑር፣ ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሒሳብ የሚገባው ሰው ይኑር። ከሁሉ በላይ ግን ራሱ ድጋፍ የሚቀበል ሰው ይኑርበት፤ ለይምሰል ሳይሆን ድምፅ ያለው። በወር አንድ ቀን፣ ቀኑ የታወቀ፣ በሩ የተከፈተ ስብሰባ። በከተማው በጀትም ሆነ ከከተማው ጋር ተዋውሎ የሚሠራ የድጋፍ ውል ሁሉ በአንድ ገጽ ተጠቃሎ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ከሳምንት በፊት በየቀበሌው ይለጠፍ። ለማን፣ ምን፣ ስንት፣ በማን፣ እስከ መቼ። ዕቃ ከሆነ ናሙናው ጠረጴዛው ላይ ይምጣ። ብዛቱ ባዶ የሆነ ቅጽ ላይ አሻራ ማስደረግ ደግሞ ዛሬውኑ ይከልከል፤ ለዚህ ኮሚሽን መጠበቅም አያስፈልግም።

ዕቃው ከተሰጠ በኋላም አንድ ነገር አለን ብዙ ከተማ የሌለው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሲቢቲፒ ለሚሉት፣ ሕዝቡ መሀል ወጥተው ለሚማሩበት ሥልጠና፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ስንት ልጅ አለ፣ ውኃው ከየት ነው፣ ሽንት ቤት አለ ወይ እያሉ ይመዘግባሉ። እኔም ቤት መጥተው ያውቃሉ፤ ቡና አፍልቼ ነው የሸኘኋቸው። ሲዞሩ «ባለፈው ተሰጠ የተባለው ደርሶዎታል? እስቲ ያሳዩን» የሚል ጥያቄ ቢጨምሩ ምን ይጎዳቸዋል? እማማ ብርድ ልብሱን ሲያሳዩ ልጁ የሚጽፈው ቁጥር የአቅራቢው ቁጥር አይሆንም።

የምትሉኝን እገምታለሁ። ሥራ ይጓተታል ትላላችሁ። አዌቱ ሞልቶ ሰው ቤት ከገባማ ማንም ስብሰባ አይጠብቅም፤ ስጡ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የሰጣችሁትን አንብቡ። የተረጂው ገመና ይወጣል ትላላችሁ። እኔ እንዲነበብ የምጠይቀው የውሉን ነው፤ የልጅ ስም፣ የበሽተኛ ስም እዚያ ምን ይሠራል? አበል ይጠይቃሉ ካላችሁኝ ግን ልክ ናችሁ። አበል ያለበት ስብሰባ እንዴት እንደሚሞላ፣ አበሉ ሲቀር እንዴት እንደሚበተን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ አበሉ ይቅር። እድር በአበል አይሰበሰብም፤ እንዲያውም የቀረ ይቀጣል።

ለመነሻ ሁሉንም ውል አትጀምሩ። አንዱን ምረጡ፤ የትምህርት ቤት ምገባ አቅርቦት ይሁን፣ የአረጋውያን ልብስ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስብሰባዎች አጀንዳ በሁለቱም ቋንቋ እኔ በነጻ ጽፌ አትማለሁ። ወረቀቱን ብቻ አምጡ፤ ወረቀት ተወዷል።

እማማን አማክሬያቸዋለሁ። ቀኑ ከታወቀ ብርድ ልብሱን ይዘው ይመጣሉ። ስብሰባው ጠዋት ከሆነ ግን ቶሎ እንድትመልሱላቸው አደራ ብለዋል፤ ሌላ የላቸውም።

ከሰላምታ ጋር

አንዲት ማመልከቻ ጻፊ
ፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ