ጭብጨባችሁን ለገታችሁልኝ ሁሉ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ አዳራሹን ሞልታችሁ ላመሻችሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ላይ ታች ስትሉ ለነበራችሁ፣ ቤት ቀርታችሁ ልጆቻችንን ለያዛችሁልን ሁሉ ይህ ምስጋና የእናንተ ነው። አንድ በአንድ እየደወልኩ ላመስግን ብል አልዘልቀውም። ስለዚህ እዚሁ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልበላችሁ።

ብዙዎቻችሁ ቤሊ ዳንስን፣ ያን የግብፅ የሆድና የዳሌ ዳንስ፣ በመድረክ ስታዩ የመጀመሪያችሁ እንደሆነ ነግራችሁኛል። ለእኔም አዲስ ነገር ነበረው። ከባንድ ጋር ደንሼ አላውቅም ነበር። የተቀዳ ሙዚቃ ሁሌም ያው ነው። የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚቆም ሰውነት ይሸመድደዋል። ባንድ ግን ሰው ነው። ደስ ሲለው ያራዝማል፣ ሲያሻው ይቆርጣል።

ታቅሲም የሚባለውን ክፍል ታስታውሳላችሁ? ከበሮዎቹ ዝም ብለው ነይ የምትባለው የሸምበቆ ዋሽንት ብቻዋን የተጫወተችበት ነው። በታቅሲም ቋሚ ምት የለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ተጫዋቹ እዚያው ነው የሚፈጥረው። ነይ ተጫዋቻችን፣ አንተን አለማመስገን አልችልም። ትንፋሽህ ሲረዝም ክንዴን አስረዘምኩ። አየር ልትስብ ስትቆም እኔም ቆምኩ። በልምምድ ያልነበረ ነገር ስታመጣ ቀና ብለህ በዓይንህ ታስጠነቅቀኝ ነበር። ያቺን እይታ አልረሳትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጨረሻ ላይ የታብላ ሶሎ፣ ታብላ ለብቻዋ የምትጫወትበት ክፍል፣ ነበረን። ታብላ ጭን ላይ ተጋድማ በሁለት እጅ የምትመታ፣ ወገበ ቀጭን ከበሮ ናት። መሃሏን ሲመቷት ዱም የሚል ወፍራም ድምፅ፣ ጠርዟን ሲመቷት ቴክ የሚል ቀጭን ድምፅ ትሰጣለች። እኛ ባዘጋጀነው ሶሎ ዱም ሲል ዳሌዬ ይወርዳል፣ ቴክ ሲል ይነሳል፣ ጣቶቹ ሲርመሰመሱ ደግሞ ሺሚ የሚባለው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሺሚ ከላይ ሲያዩት የዳሌ ሥራ ይመስላል። ሥራው ግን ከታች ነው፤ ጉልበቶች ተራ በተራ እጥፍ ዘርጋ እያሉ ነው ዳሌን የሚያንቀጠቅጡት። ጉልበት እንዲህ የሚሮጠው ጆሮ በደንብ ሲሰማ ብቻ ነው።

በዚህ መሃል የታብላው ማይክሮፎን ጠፋ።

እናንተ ያኔ በደስታ እያጨበጨባችሁ ነበር። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ የኋለኛው ወንበር ጭብጨባ መድረክ ላይ የሚደርሰው ከፊተኛው ዘግይቶ ነው። በሁለቱ መሃል ታብላዋ ተዋጠች። የመቺውን እጅ አያለሁ፣ ድምፁ ግን የለም። በእጁ እያየሁ ቀጠልኩ። ሪቅን፣ ዙሪያዋ የሚንሿሿውን ትንሽ ከበሮ፣ የምትመታልን ወንድማችን፣ አንተ ደግሞ ማንም ሳይነግርህ ከወንበርህ ተነሳህ። ሪቅህን ይዘህ አጠገቤ መጥተህ ቆምክና ምቱን በጆሮዬ አቀበልከኝ። የታብላ መቺውም ወንበሩን እየጎተተ ወደ መድረኩ ጠርዝ ቀረበ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት እናት፣ ስምዎን ሳልጠይቅዎ ሄዱብኝ። እጅዎን ከፍ አድርገው ወደ ኋላ ዞረው ሰውን ዝም ሲያሰኙ አይቼዎታለሁ። ዝምታው ከፊት ወደ ኋላ ረድፍ በረድፍ ተዛመተ። ታብላዋ ተመልሳ ተሰማች። ያለ ማይክሮፎን፣ እጅና ቆዳ ብቻ። ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁት ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። ማቅሱም የሚባለው ምት ዱም ቴክ፣ ቴክ ዱም፣ ቴክ ነው። እናንተ ሁለቱን ዱሞች ብቻ ይዛችሁ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ታጨበጭቡ ጀመር። ሌላውን ለከበሮው ተዋችሁለት። ማን አስተማራችሁ? ለማታውቁት ሙዚቃ ጆሮ ሰጣችሁ። የደነስኩት በእናንተ ላይ ተደግፌ ነው።

የድምፅ ባለሙያው ወንድማችን፣ አንተም ይድረስህ። ገመድ ልትቀይር መድረኩ ላይ በጉልበትህ ስትድህ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የትም ያጋጥማል፤ ማንም አልወቀሰህም።

መምህራችን፣ ከእርምጃ በፊት ማዳመጥን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የድሮ የግብፅ ፊልሞችን ሲያሳዩን መጀመሪያ ፊታችንን አዙረን ድምፁን ብቻ እንድንሰማ ያደርጉን ነበር። ዘፋኙ ፋሪድ አል አትራሽ ዑድ የሚባለውን ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወት ዳንሰኛዋ ሳሚያ ጀማል የትኛውን ድምፅ እንደተከተለች፣ የትኛውን እንዳለፈች የምናየው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ካይሮ ውስጥ የራሷን የሙዚቃ ቤት ስለከፈተችው ባዲያ ማሳብኒም የነገሩን እርስዎ ነዎት። ዳንሰኛዋ ታሂያ ካሪዮካም ሳሚያ ጀማልም በእሷ መድረክ ነው ያደጉት። ዳንሱ ከጠባብ ቦታ ወደ ሰፊ መድረክ ሲወጣ ክንድና አካሄድ ትልቅ ቦታ አገኙ። ቅዳሜ ዕለት ያን ሁሉ ወለል ሳቋርጥ ይህን እያሰብኩ ነበር።

ልብሴን ያዘጋጀሽው እህቴ፣ ዶቃ የሞላበት ቀበቶ ከባድ እንደሆነ ሰው አያውቅም። ሺሚ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። አንቺ ግን መርፌ ቁልፍ አላምንም ብለሽ፣ ልወጣ ደቂቃዎች ሲቀሩኝ ቀበቶውን ከቀሚሱ ጋር በክር ሰፋሽው። ንቅንቅ አላለም።

እማዬ፣ ሰው ምን ይላል ብለሽ መጨነቅሽን አውቃለሁ። ጭንቀትሽ ከፍቅር ነው። ይህን ዳንስ በሌላ ዓይን የሚያይ ብዙ ሰው አለ፤ ያሳዝነኛል። በግብፅ እኮ በቤተሰብ ሰርግ ላይ አያትም የልጅ ልጅም አብረው ይደንሱታል። አንቺ ግን ሳይገባሽም ቢሆን መጣሽ፣ ከፊት ተቀመጥሽ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ስለ ዑዱ ተጫዋች ነበር። ሙዚቃውን እንደሰማሽ ያኔ ገባኝ። ኑሪልኝ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቪዲዮ የቀረጻችሁ ብዙ ናችሁ። ካሜራችሁ እኔን እንደተከተለ እገምታለሁ። ሪቅ መቺው ከወንበሩ ሲነሳ ወይም የታብላ መቺው እጅ የሚታይበት ያላችሁ፣ እባካችሁ ላኩልኝ። ለእነሱም ለቤተሰቦቻቸውም ማድረስ እፈልጋለሁ። ሌሎች ታዳሚዎች በግልጽ የሚታዩበትን ግን ሳታስፈቅዱ አትልቀቁት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበሩትን እናት የምታውቁም ካላችሁ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ፈቃዳቸው ከሆነ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

አክባሪ እህታችሁ