መስመር ሲቋረጥ ወረዳው ለምን ይቆማል?

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ከማዕከል ርቀው በሚገኙ ወረዳዎች ባለጉዳይ ጉዳዩን ይዞ ሲቀርብ «ሲስተም የለም» ይባላል። ኮምፒውተሩ አለ፤ መብራትም አለ፤ ሠራተኛውም ወንበሩ ላይ ነው። የጠፋው እስከ ማዕከሉ የሚዘልቀው መስመር ብቻ ነው። እንግዲህ አንዲት እናት የልጇን ልደት ለማስመዝገብ የዚያን ዕለት መስመሩ የግድ መኖር አለበት?

ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ወረዳኔት፣ ሲጀመር ብዙ ወረዳዎች የተያያዙት በሳተላይት ነበር። በጊዜው ሌላ አማራጭ አልነበረምና ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እነዚያ ሳተላይቶች የሚገኙት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም እንደዚሁ ወጥቶ ወርዶ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለቪዲዮ ስብሰባ ይህ ችግር የለውም (ስብሰባ ደግሞ ጎድሎብን አያውቅም)። አንድ ቅጽ ለመሙላት መቶ ጊዜ ከማዕከሉ ጋር ለሚመላለስ ሶፍትዌር ግን ግማሽ ሰከንዱ ተደማምሮ ወደ ደቂቃ ይጠጋል። በፋይበር (መረጃን በብርሃን በሚያስተላልፍ ገመድ) ግን 700 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ የሚፈጀው አንድ ሰከንድ ለሺሕ ቢከፈል ሰባቱን እጅ ገደማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ፋይበር መዘርጋቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ፋይበር የሚቀበረው መንገድና የውኃ ቧንቧ በሚቆፈርበት አፈር ውስጥ መሆኑ ነው። ከአንድ ቦታ ሲቆረጥ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቋረጣል። መጠባበቂያ ተብሎ የተያዘው መስመርም በዚያው ቦይ የሚያልፍ ከሆነ ሁለቱም በአንድ ዶማ ይበጠሳሉ። ሀገራችን ወደብ ባይኖራትም ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የምትገናኘው በጅቡቲ ብቻ አይደለም፤ በሱዳንና በኬንያ በኩልም መስመር አላት። ለሀገር የታሰበው ለዞን ከተማ ለምን አይታሰብም? የመጠባበቂያ መስመር ውል ሲፈረም ሁለቱ መስመሮች የሚያልፉበት ቦታ በካርታ እንዲቀርብ ይደረግ። ካርታው ያልቀረበለት ውል ባይፈረም ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሶፍትዌሩ ነው። ወረዳው አነስተኛ ሰርቨር ቢኖረውና መዝገቡን እዚያው ቢይዝ፣ መስመሩ ሲመለስ ለማዕከሉ ማስተላለፍ ይችላል። አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው እንዳይሰጥ ለየወረዳው የተለየ የቁጥር ክልል አስቀድሞ መመደብ ይበቃል፤ ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የባንክ ሂሳብን ቀሪ ማረጋገጥን የመሰለ ሥራ ያለ መስመር እንደማይሠራ አምናለሁ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ግን ከዚያ ወገን አይደለም።

ስለዚህ ለወረዳዎች አዲስ ሲስተም ሲገዛ ወይም ሲሠራ፣ ከርክክቡ በፊት ገመዱ ተነቅሎ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን እንዲፈተሽ መመሪያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ፈተናው በአዲስ አበባ ቢሮ ሳይሆን በወረዳው፣ ባለጉዳይ ባለበት ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ